ሁሉም ሰው ለምን ያንኑ መኪና ይገዛል?

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ ያሰበ ሰው ዘመድ ወዳጁን ቢያማክር የሚያገኘው መልስ ከሁለት ወይም ከሦስት ስም አይዘልም። ቪትዝ ግዛ ይሉታል። ከቻልክ ያሪስ፣ ገንዘቡ ከተረፈህ ደግሞ ኮሮላ። ሦስቱም ቶዮታ ናቸው፤ ሦስቱም በመንገድ ሲያልፉ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ባለቤቶቻቸውም ሲያመሰግኗቸው «አታስቸግርም» ይላሉ እንጂ ስለ መልኳ ወይም ስለ ፍጥነቷ ብዙ አያወሩም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቶዮታ ካምሪና ራቭ ፎር ለዓመታት ከከፍተኛ ሽያጭ ተርታ ወጥተው አያውቁም፤ ዋሺንግተንና አካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያንም ካምሪን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሁሉም በላይ የተሸጠው ዳቺያ ሳንዴሮ የተባለ ቀላልና ርካሽ መኪና ነው። በወቅቱ የቶዮታ ፕሬዚዳንት የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ ራሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የኩባንያቸው መኪኖች አሰልቺ ናቸው የሚል አስተያየት ከደንበኛ ሰምተው ነገሩ ስለከነከናቸው፣ ከዚያ ወዲህ አሰልቺ መኪና እንደማይሠሩ ደጋግመው ቃል ገብተዋል። ያም ሆኖ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሽያጭ ብዛት የዓለም አንደኛ የመኪና አምራች ነው።

ስለ መኪና አጥብቀው የሚያስቡ ሰዎች ይህን ሲያዩ ሕዝቡ ጣዕም የለውም ብለው ይደመድማሉ። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ሰው መኪና ሲገዛ በሽያጭ ውሉ ላይ የማይጻፉ ሌሎች ነገሮችም አብሮ ይገዛል፦ መኪናውን የሚያውቅ መካኒክ፣ በቅርብ የሚገኝ መለዋወጫ፣ ነገ መኪናውን ከእርሱ ላይ የሚያነሳለት ገዢ። እነዚህን ከቆጠርን «የማይማርከው» መኪና የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

መኪናው በእርግጥ አሰልቺ ነው?

ቪትዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ነው። የውጭ ቅርጹን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነበር። በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም የተሸጠው ይኸው መኪና በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሽልማትን አገኘ። የፍጥነት መለኪያው ከመሪው ኋላ ሳይሆን በመሃል ተቀምጦ በቁጥር ያሳይ ስለነበር በዘመኑ ሰው ያስገርም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ዓይናችን የሰለቸው መኪናው ከመነሻው ተራ ስለሆነ አይደለም፤ በየመንገዱ በመቶ እየተቆጠረ ስላየነው ነው።

የኮሮላ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ኮሮላ ታስቦበት መካከለኛ እንዲሆን የተሠራ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 ሲወጣ የሥራው ኃላፊ የነበረው ቀድሞ በአውሮፕላን ሥራ የሠለጠነው መሐንዲስ ታትሱኦ ሃሰጋዋ ነበር። የሃሰጋዋ መመሪያ እንዲህ የሚል ነበር፦ መኪናው በሁሉም መስክ ቢያንስ 80 ነጥብ ያግኝ፤ በየትኛውም መስክ ከዚያ በታች አይውረድ፤ ከዚህ በላይ በአንዳንድ ነገር የሰውን ልብ የሚነካ ጭማሪ ይኑረው። በአንዱ 100 አምጥቶ በሌላው 50 ከሚያመጣ መኪና ይልቅ በሁሉም 80 የሚያመጣው ቤተሰብ ያኖራል ማለቱ ነው። ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1997 የቮልስዋገንን ቢትል፣ እኛ «ቮልስ» የምንለውን፣ በልጦ በዓለም ብዙ የተሸጠ የመኪና ስም ሆነ። በ2021 ደግሞ 50 ሚሊዮን አለፈ።

ይህ አስተሳሰብ በሞተሩም ላይ ይታያል። ቶዮታ ሌሎች አምራቾች ለአዲስ ቴክኖሎጂ ሲቸኩሉ የተፈተነውን ማቆየት ይመርጣል፤ አንዱን የሞተር ቤተሰብም በብዙ ዓይነት መኪና ላይ ይገጥመዋል። በቪትዝ፣ በፕላትዝ፣ በያሪስ፣ በኮሮላና በፕሮቦክስ ላይ የምናገኛቸው የአንድ ዘመን 1.3 እና 1.5 ሊትር ሞተሮች ወንድማማቾች ናቸው። የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አስማምቶ የሚያዞረውም በየጊዜው መቀየር ያለበት ቀበቶ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ለመኪና ወዳጅ ይህ የሚያስደስት ወሬ ላይሆን ይችላል። ዘይት ከመቀየር በቀር ሞተሩን ለማያስታውሰው ባለቤት ግን ትልቅ ነገር ነው።

ታክሱ ምን አገናኘው?

ብዙ ሰው ቪትዝ የበዛው «ሕዝቡ ስለወደደው» ይመስለዋል። ከመውደዱ በፊት የቀረጥ ሒሳቡ ነበር። ይህን ክፍል ዘርዘር ባደርገው ይሻላል፤ ምክንያቱም የከተማዋን የመኪና መልክ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የወሰነው እርሱ ነው።

ቁልፉ «ሲሲ» የምንለው የሞተር መጠን ነው፤ ይኸውም የሞተሩ ሲሊንደሮች በጠቅላላ የሚይዙት ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲለካ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 የቤት መኪኖችን በሲሲ ሦስት ቦታ ከፈላቸው። እስከ 1,300 ሲሲ ያለው 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ያለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ኤክሳይዝ ታክስ መንግሥት የቅንጦት ወይም የማይበረታቱ ናቸው በሚላቸው ዕቃዎች ላይ ለይቶ የሚጥለው ታክስ ነው።

ታክሶቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ይሰሉ ነበር። አንድ መኪና ከነመጓጓዣውና ከነመድኑ 100,000 ብር ወጣበት እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ሲጨመር 135,000 ይሆናል። 30 በመቶ ኤክሳይዝ የሚሰላው በዚህ በ135,000 ላይ ነው፤ 175,500 ደረሰ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በእርሱም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ በመጨረሻም ከመነሻው ዋጋ 3 በመቶ ቅድመ ግብር። ድምሩ 225,000 ብር ገደማ ነው። ያው 100,000 ብር የወጣበት መኪና ሞተሩ 1,500 ሲሲ ቢሆን ግን 276,000 ብር፣ 2,000 ሲሲ ቢሆን 344,000 ብር ያልፋል።

አሁን የቪትዝን ሞተር እንመልከት። ትንሹ 997 ሲሲ ነው። 1.3 የሚባለው ደግሞ 1,298 ሲሲ ነው፤ ከመስመሩ በታች በሁለት ሲሲ ብቻ ማለት ነው። በአንጻሩ የዚያ ዘመን 1.5 ኮሮላ 1,497 ሲሲ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው እርከን ይገባ ነበር። ቶዮታ ሞተሩን ሲሠራ የአዲስ አበባን ጉምሩክ አላሰበም፤ ነገር ግን አዋጁና ሞተሩ እንዲህ ሲገጥሙ አስመጪው የቱን እንደሚያመጣ ተወሰነ። አስመጪው የሚያመጣው ብዙ ሲሆን ሰውም የሚያየው፣ የሚነዳው፣ የሚለምደው እርሱን ሆነ።

አቅርቦቱም የራሱ ምክንያት ነበረው። ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ጥብቅና ውድ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ ስላለበት ብዙ ሰው ገና ደህና የሆነ መኪናውን ሸጦ አዲስ ይገዛል። ያገለገለው ወደ ውጭ ይላካል። ጃፓን በግራ የሚነዳባት አገር ስለሆነች የመኪናዎቹ መሪ በቀኝ ነው፤ ወደ እኛ ከመጡት ብዙዎቹ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የመጡት። ከመነሻው መሪው ግራ የሆነ የአውሮፓ ያሪስ በገበያው የተሻለ የሚፈለገውም ከዚህ የተነሳ ነው።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ወጥቶ ሒሳቡን ገለበጠው። አነስተኛ ሞተር ላላቸው አዲስ መኪኖች ታክሱ ሲቀንስ፣ ባገለገሉት ላይ እንደ ዕድሜያቸው በእጅጉ ከፍ አለ። የታሰበው አሮጌ መኪና ማስገባትን ማስቀረት ነበር። ነገር ግን አስቀድመው አገር ውስጥ የገቡት ቪትዞች ተተኪ ስላጡ ይበልጥ ተወደዱ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ያለፈ መኪና ከተገዛበት በላይ መሸጡ የሚገርመው ሰው ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

መካኒክና መለዋወጫ ለምን ይወስናሉ?

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገብቶ የቪትዝ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ ወይም የፊት መብራት የሚጠይቅ ሰው አማራጭ ይቀርብለታል፦ ኦሪጅናሉ ይህን ያህል፣ ሌላ አምራች የሠራው ይህን ያህል፣ ከሌላ መኪና ላይ የወረደው ይህን ያህል። ብዙ ስለማይታወቅ የአውሮፓ መኪና ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀረበ ሰው ግን ስልክ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል።

ምክንያቱ ከነጋዴው ወገን ሲታይ ቀላል ነው። የመለዋወጫ ነጋዴ የውጭ ምንዛሬ የሚያገኘው በብዙ ልፋት ነው። ያገኛትን ዶላር ቶሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ማዋል አለበት። ቶሎ የሚሸጠው ብዙ መኪና ያለው ነው። ስለዚህ የቪትዝ ዕቃ ያስመጣል፤ ዕቃው ስላለ ሰው ቪትዝ ይገዛል፤ ቪትዝ ስለበዛ ነጋዴው እንደገና የቪትዝ ዕቃ ያስመጣል። ክቡ አንዴ መዞር ከጀመረ ለማቆም ይከብዳል። ኢኮኖሚስቶች ይህን «የመረብ ውጤት» ይሉታል፦ የአንድ ነገር ጥቅም የሚያድገው በራሱ ጥራት ብቻ ሳይሆን በተጠቃሚዎቹ ብዛትም ነው። እንደ ቋንቋ ማለት ነው፦ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ የሚማረው ገበያተኛው የሚናገረውን ቋንቋ ነው፤ ለጆሮው የሚጥመው ሌላ ቢሆንም።

መካኒኩም እንዲሁ ነው። አንድ የሰፈር ጋራዥ በሳምንት ብዙ ቪትዝ ሲያይ የመኪናውን በሽታ በድምፅ ይለየዋል። ምን እንደሚሰበር፣ ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደሚሰበር፣ የትኛው ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደሚገጥም ያውቃል። ለማያውቀው መኪና ግን ፈታቶ መማር አለበት፤ የሚማረው ደግሞ በደንበኛው ገንዘብና ጊዜ ነው። በራይድ ወይም በፈረስ የታክሲ መተግበሪያ እየሠራ የዕለት ገቢ ለሚያመጣ አሽከርካሪ ጋራዥ ውስጥ ያለፈ አንድ ሳምንት ከጥገናው ዋጋ በላይ ያከስረዋል። እርሱን ለምን ቆንጆ መኪና አልገዛህም ብሎ መጠየቅ ኑሮውን አለማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ የምትሆነው ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ አዲስ አበባን ለአስርት ዓመታት ያገለገለችው ላዳ መነሻዋ የጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ በቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በዓለም ዘንድ በጥራት ዝና አልነበራትም። እኛ ዘንድ ግን የማይፈታት መካኒክ፣ የማይቀጠቅጣት ላሜራ ሠሪ አልነበረም፤ ዕቃዋም ጠፍቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ብቻ ከእርሷ የተሻሉ ብዙ መኪኖች ሞተው እርሷ ኖረች። የቶዮታ ጥራት እውነት ነው፤ ነገር ግን የላዳ ዕድሜ የሚያሳየን ዕውቀትና ዕቃ በዙሪያው ያለው መኪና ጥራቱ መካከለኛ ቢሆንም እንደሚኖር ነው። ጥራትም መረብም ሲኖረው የሆነውን በየመንገዱ እያየነው ነው።

«ስትሸጥ አትቸገርም» ማለት ምን ማለት ነው?

በሀብታም አገሮች አዲስ መኪና ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አምስተኛ ገደማ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ዋጋውን ያጣል ይባላል። ይህ የእርጅና ቅናሽ ይባላል፤ ባለቤቱ ከነዳጅም ከጥገናም በላይ ሳይታወቀው የሚከፍለው ትልቁ ወጪ ነው። እዚያም ቢሆን ቶዮታ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ቅናሹ አነስተኛ በመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ 57 ብር ገደማ ደርሶ፣ ከዚያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር ሲዳከም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ይወደዳል፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪናም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ መኪናን የሚያየው እንደ መጓጓዣ ብቻ አይደለም። ጥሪት ነው። ልጅ ሲታመም፣ ቤት ሲገዛ፣ ሰው ወደ ውጭ ሲሄድ የሚሸጥ ንብረት ነው።

ጥሪት ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ዋጋው መታወቅ አለበት፤ በተፈለገ ጊዜም ቶሎ ወደ ገንዘብ መቀየር አለበት። የቪትዝ ዋጋ ከደላላ እስከ ጎረቤት ሁሉም ያውቀዋል። የሞዴል ዓመቱን፣ ማርሹ በእጅ ወይም በራሱ የሚቀይር መሆኑን፣ ታርጋው መቼ እንደወጣ ንገሩት፤ ደላላው በስልክ ዋጋውን ይነግራችኋል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ብር አውጥተው አንዱ ቪትዝ፣ ሌላው ያማረ ግን ብዙ የማይታወቅ መኪና ቢገዙ፣ ሁለቱም በድንገት መሸጥ ቢያስፈልጋቸው የመጀመሪያው በሳምንት ውስጥ ከነሙሉ ዋጋው ሊሸጥ ይችላል። ሁለተኛው ወይ ወራት ይጠብቃል፣ ወይ ዋጋ ይሰብራል። በቀን በቀን የተደሰተበትን ውበት በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይከፍልበታል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር አለ። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ጉዳይ ሲያስረዱ፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ብቻ እንደሚያቀርብ፣ በዚያም የተነሳ ጥሩ መኪና ያላቸው ሰዎች ከገበያው እንደሚሸሹ አሳዩ። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ጥናት ነው። በስፋት የታወቀ መኪና ይህን ችግር ያቀልለዋል። ገዢው ይዞት የሚመጣው መካኒክ የት መፈተሽ እንዳለበት ያውቃል፤ አደጋ ደርሶበት የተቀጠቀጠውን ላሜራ፣ የተዛወረውን መሪ፣ ዘይት የሚበላውን ሞተር ይለያል። ለማያውቀው መኪና ግን የሚሰጠው አስተያየት ግምት ነው፤ ገዢውም ለግምቱ ዋጋ ይቀንሳል።

ነጭና ብርማ መኪና የበዛውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ሰው ቀለም ሲመርጥ ከራሱ ዓይን ይልቅ የሚቀጥለውን ገዢ ዓይን ያስባል።

ታዲያ ገዢው የሚያጣው ነገር የለም?

አለ፤ በግልጽ መነገርም አለበት።

አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻው ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። የ997 ሲሲ ቪትዝ ከመነሻው 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነው ያለው። አራት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያቃስተው ታሞ አይደለም፤ የሚተነፍሰው አየር ስላነሰው ነው። ከከተማ ውጭ ከባድ መኪና መቅደም ሲያስፈልግ ይህ ጉድለት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ስሙ ሲታመን ምርመራው ይላላል። «ቪትዝ እኮ ነው» ተብሎ የተገዛ መኪና ኤርባጉ ከቀድሞ አደጋ በኋላ ያልተተካ፣ መሪው ሲዛወር በደንብ ያልተገጠመ፣ ሻንሲው የተበየደ ሊሆን ይችላል። የአምራቹ ዝና የሚመለከተው ከፋብሪካ የወጣውን መኪና ነው፤ ሃያ ዓመት በሦስት አገር የተነዳውን አይደለም። ሲገዛ ስለ መለዋወጫ ዋጋ በዝርዝር የሚጠይቅ ሰው ስለ ኤርባግና ስለ መቀመጫ ቀበቶ አንድም ጥያቄ ሳያነሳ ሊብሬውን ይቀበላል። ይህ መቀየር አለበት፤ ምርመራው ከሚያስወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያድነው ብዙ ነው።

ሌላው ዋጋው ነው። ሁሉም የሚፈልገው መኪና ከሚገባው በላይ ይወደዳል፤ በዚያው ገንዘብ ዕድሜው ያነሰ፣ ደኅንነቱ የተሻለ ሌላ መኪና የሚገኝበት ጊዜ አለ። መኪናውን ዐሥር ዓመት ይዞ ሊቆይ ላሰበ፣ የሚያምነው መካኒክ ላለው ሰው፣ ስለ መሸጫ ዋጋ መጨነቁ ያን ያህል አያስፈልገውም፤ እንዲህ ያለው ሰው ወጣ ብሎ ቢያማርጥ ሊጠቀም ይችላል። በተጨማሪም ዕቃው በቀላሉ የሚሸጥ መኪና ለሌባም ይመቻል። ስፖኪዮ ተነቅሎ ያገኘ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ኤሌክትሪክ መኪና ይህን ልማድ ይለውጠዋል?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) አስታወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎም የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። የ1,300 ሲሲ መስመር ሲሲ ለሌለው መኪና ትርጉም የለውም። ቪትዝን ካነገሡት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ሲፈርስ የገበያው ቅርጽ መለወጡ አይቀርም፤ ከተማዋም በቢዋይዲ፣ በቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ በቶዮታ ቢዚ4ኤክስ መሞላት ጀምራለች።

የቀሩት ሁለቱ ምክንያቶች ግን አልፈረሱም። ኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፣ የሚሰበር ክፍሉም ያነሰ ነው። ሲበላሽ ግን የሰፈሩ መካኒክ በጆሮው የሚለየው ድምፅ የለም፤ ኮምፒውተር፣ ሥልጠናና ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚከላከል መሣሪያ ያስፈልጋል። አይዲ 6 ለምሳሌ አምራቹ ለቻይና ገበያ ብቻ ብሎ የሠራው መኪና ነው። በሌላ አገር በይፋ ስለማይሸጥ ዕቃውም የአጠቃቀም መመሪያውም የሚገኘው ቻይና ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የኃይል መሙያ መሰኪያውም ለአውሮፓ ከተሠራው ይለያል፤ ስለዚህ የትኛው ዓይነት መሰኪያ በከተማዋ የመሙያ ጣቢያዎች ይበዛል የሚለው ራሱ የመኪና ምርጫን ይመራል።

ሲሸጥስ? የባትሪው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ባትሪ በአገልግሎት ብዛት አቅሙ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደቀነሰ በዓይን አይታይም። ገዢው የሻጩን ምስጢር የማያውቅበት የአከርሎፍ ችግር እዚህ ላይ ይብሳል እንጂ አይቀልም። አሁን አስተዋይ ገዢዎች የባትሪውን ቀሪ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት እንዲሰጣቸው መጠየቅ ጀምረዋል፤ ዋስትናው እዚህ አገር ይሠራል ወይ፣ ባትሪው ቢበላሽ ሙሉውን መቀየር ነው ወይስ የተጎዳውን ክፍል ብቻ መተካት ይቻላል፣ የፊት መብራቱ ቢሰበር ስንት ቀን ይፈጃል ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ለቪትዝ ይቀርቡ የነበሩት ናቸው፤ መልሶቹ ግን ገና እየተሰባሰቡ ነው። እነዚህን መልሶች ቀድሞ በጋራዥና በመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ዕቃ የሚያሳይ አስመጪ፣ መኪናው ከሌሎቹ ያማረ ባይሆንም፣ ቀጣዩን የብዙኃን መኪና እርሱ ያመጣዋል ብዬ እጠብቃለሁ።